ስምንት ፊደል

ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ባይት፤
ለሚታሰበው ሁሉ፣ ይኸው ነው ያለኝ ቤት።
አቶቴ፣ ከቆርቆሮ ሱቄ፣ ከስልክ መጠገኛው ጠረጴዛ
ቺፗ ተጋድማለች፤ ከጥፍሬ አትበልጥም፣ እግሯ ግን እንደ ሸረሪት በዛ።

እትዬ አርፋሴ ናቸው ያዘዙኝ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ይሸጣሉ፤
ሳጥናቸው ሌሊት እየሞቀ፣ ጠዋት ቆሮሶውን ለአባ ኮዳ ይጥላሉ።
«በረዶው ሲሟሟ የሚናገር ነገር ሥሪልኝ፤
በእንግሊዝኛ ካወራ ግን፣ ይቅርብኝ።»

ሠራሁት። ሦስት ቀን ደህና ሰነበተ፤
በአራተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትንፍሽ ሳይል ሞተ።
ነቅዬ ሰካሁት፣ ነቃ፤ ደግሞ ሦስት ቀን ቆጥሮ
በዚያችው ሰዓት ተዘጋ፣ ከውስጥ ቀርቅሮ።

በዚች ጠባብ ቤት ሁለት ተከራይ አለ፤
አንዱ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ እየቆለለ፣
ሌላው ከጣሪያው ወደ ታች አልጋውን እያንጠለጠለ፤
መሀላቸው ግድግዳ የለ፣ ዘበኛ የለ፣
«በቃ፣ እዚህ ጋ ቁም» የሚል የለ።
የተገናኙ ለት አይጣሉም፤
አንዱ በሌላው ስም ላይ ይተኛል፣ ያ ብቻ፤
ቺፗም የምትመለስበት መንገድ ይጠፋባታል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ወሬ አበዛሁ።
ለእያንዳንዱ ልኬት ዐረፍተ ነገር እየጻፍሁ፣ እያስረዘምሁ አቆየሁ።
በበራ ቁጥር «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤
የኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ይበላል፤
ሃያ ዘጠኝ፣ ከነክፍተቱ፤ ሠላሳ፣ መዝጊያዋ ዜሮ ስትቆጠር፤
ላፕቶፑ ከተነቀለ ወዲያ፣ ለማን ነው ያ ሁሉ ከበሬታ? ለጨለማው? ለሐይቁ ዳር?

እትዬ አርፋሴ መጡ፣ ነጠላቸው ላይ ቅርፊት ተጣብቆ።
ነገርኳቸው። ሳቁ።
«ልጄ፣ እኔ ደብተር የለኝ፤ የስልሳ ሰው ዱቤ እዚህ ነው፤»
ግንባራቸውን መታ መታ አድርገው፣
«የከፈለኝን ግን ያኔውኑ ከራሴ አወጣለሁ።
ዕዳውን ጨርሶ የሄደ ሰው፣ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?
ሲቸግረው ደግሞ ይመጣል፤ ያኔ ወንበሩ ባዶ ነው።»

ያን ማታ ቤቱን ጠረግሁ።
ሃያ አራት ክፍል፣ ለሃያ አራት ሰዓት፤
ሃያ አምስተኛው ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ወንበሩን ለቆ ይነሣ፤
ለቅሶ የለ፣ ወቀሳ።
ከነጥብ ወዲያ ያለውን ቆረጥሁ፤ ለሙቀት አንድ ባይት ይበቃል፤
ዓሣ ሲበላሽ ነጥብ ማን ይጠይቃል?
ሰላምታውንም ደመሰስሁ። አሳዘነኝ፤ ደመሰስሁት።

ቀረች ስክሪኗ። የጃፓን ፊደል ይዛ ነው የተወለደችው፣ የኛን አልሰማችም፤
«የራስሽን ሣዪ» ብትልም ለስምንት ነው፤ ዘጠነኛ አታስጠጋም።
አምስት ነጥብ በስምንት ነጥብ። ከሠላሳ ሦስቱ ቤተሰብ፣ ከነሰባት ልጆቻቸው፣
ስምንቱን አስገብቼ ሌላውን ደጅ ላስቀር፤ እንዴት ይመረጣል ከመካከላቸው?

ሞ። ቀ።
በ። ረ። ዶ።
ጨ፤ በአምስት ነጥብ እግሩ አልዘረጋ ብሎ አነጋኝ።
ም።
አንድ ቀረኝ።

«ር» ልበል? ለዱካሞ፣ ሌሊት ሳጥኑን ለሚጠብቀው ልጅ ይሆናል፤
ጠዋት እትዬ አርፋሴ ሲያነቡት ግን «አንተ» ይላቸዋል።
«ሪ» ብልስ? እሳቸውን «አንቺ» ማን ደፍሮ ያውቃል?
ለሁለቱም ቦታ የለ። እንግዲያ «ሩ»፤
አክብሮት ከስድብ እኩል ነው የሚይዘው፣ በባይት ሲሰፍሩ።

ሞቀ። በረዶ ጨምሩ።

በአራተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አልተኛሁም።
ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም።
ሲነጋ ወረድሁ። አባ ኮዳዎቹ ተርበው ቆመዋል።
ዱካሞ ቢላውን እየሳለ፣ «ሌሊት አናገረኝ» ይለኛል፤
«ጨምሩ አለኝ። እኔን። አንቱ ብሎ።
ከተወለድኩ እንዲህ ያለኝ የለም፤ ዞር ብዬ አየሁ፣
ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ።
‹እሺ ጌታዬ› ብዬው ሁለት ባልዲ ጨመርኩ።»