እሰጥ አገባ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤ ፒያሳ ተኝታለች፣
አንዲት ባጃጅ ብቻ ወደ አዘዞ ታዘግማለች።
እኔ እንግዳ መቀበያው ጋ፣ ቁልፎቹ ከኋላዬ፣
ስልኬን ከመዝገቡ ሥር ደብቄ፣ እሱው ላይ ነው ሁለመናዬ።

ስድስት ሆነን ነበር፤ አራቱ ወጡና
ቀረሁ ከአንዱ ጋራ፣ ከማላውቀው ጀግና።
ስሙ «ቶርናዶ» ነው፤ አገሩን አላውቅም፣
አንድም ዙር አምልጦት ሳይጨምር አያልፍም።
ሃምሳ ስል መቶ፣ መቶ ስል አራት መቶ፣
ይመጣብኛል እንደ ነሐሴ አንገረብ ገፍቶ።

ደሜ ፈላ።
«ዛሬስ አንተን!» አልኩና፣ በእልህ ተይዤ
ገባሁለት ዘጭ፣ ዘጠኝና አራት ይዤ።
ከቋጠርኩት ግማሹ በአንድ ትንፋሽ ሄደ፤
ጆሮዬ ጋለ፣ ጣቴ ተርገደገደ።

ጥበቃው ጋሽ ውባንተ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣
ሙቀት ፈልጎ ገብቶ ከትከሻዬ ደረሰ።
«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?»
«ድምፅ የለውም ጋሼ፤ ገንዘብ ነው የሚጨምረው።»
«ያው ነው» አለ፣ ወንበር ስቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፤
«አባቴም ደንቢያ ላይ ነበር፣ ለድንበር ሙግት ቆሞ።
ባላጋራው ጠጅ የጠጣ ይመስል እየተንጎራደደ
‹በማር!› አለ፤ ‹በበግ!› አለ፤ ‹በፈረስ!› እያለ ነጎደ።
ያኔ ሙግት እንዲህ ነበር፤ በውርርድ፣ በእሰጥ አገባ፣
ከፍርዱ በፊት ምላስ ነው ሰውን ገደል የሚያስገባ።
አባቴ ዝም። ዱላውን ተደግፎ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ፤
ሕዝቡ ‹ፈራ› አለ፣ እናቴም ‹ፈራ› አለች፤ እሱ ግን ዝም ብሎ።
ያም ሰው በገዛ ድምፁ ሰክሮ፣ ሲሮጥ አፉ ቀድሞት፣
ሾላዋን ከጅረቱ ማዶ አደረጋት፣ ወዲህ ሆና ሳለ፣ ድንበሩ ጠፍቶት።
ያኔ አባቴ ቀና አለ። አንድ ቃል፦ ‹በበቅሎ!›»

ፊቴን ታጠብኩ ከቧንቧው፤ የሌሊት ውኃ አጥንት ይሰብራል።
ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ቶርናዶ ይጨምራል።
ጣልኩ። ይጨምራል። ጣልኩ። ይጨምራል። ጣልኩ።
እሱ ሲጮህ እኔ ቆጠርኩ፤
ከአሥር ስንቴ ነው? ዘጠኝ። ዘጠኝ ጊዜ ሙሉ
ደግ ካርታ ለማን ይደርሳል? ጣቶቹ ይዋሻሉ።
በር የሚገፋን ሰው፣ ደግፎ ከመያዝ በሩን
መልቀቅ ነው ድንገት፤ ራሱ ይሳተው ደፉን።

ከዚያ ሁለት ንጉሥ መጣልኝ። ጎንደር ላይ ንጉሥ ብርቅ አይደለም፤
እኔም እንዳላየ ሆንኩ፤ አልጨመርኩም፣ አልተነፈስኩም።
ጨመረ፤ ተከተልኩ። ጨመረ፤ ዘገየሁ ጥቂት፣
ተከተልኩ እንደ ፈሪ ሰው፣ በስጋት።
አራተኛው ካርታ ተዘረጋ፤ ያለውን ሁሉ ገፋ፤
የሰዓቱ መስመር ቀላ፤ መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ፣
የሆቴሉ ነው፤ ስልኬስ በራሱ ዳታ ይሠራል፤
በጨለማው የጋሽ ውባንተ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።
«በበቅሎ» አልኩ በለሆሳስ። ነካሁት። ጣቴ አልራደም።
የእሱ ካርታ ተገለጠ፦ ስድስትና አምስት፤ ጥንድ እንኳ አይደለም!

የመጨረሻዋ ወጣች። ስምንት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣
ስምንት፣ ዘጠኝ ተሰለፉ፤ ንጉሦቼ ወደቁ በተራ ሰልፈኛ ፊት።

ልክ ነበርኩ። ልክ ሆኜ ነው የተሸነፍኩት።
ስልኩን ዘጋሁ፤ እጄን ደረቴ ላይ አሳረፍኩት፤
እንደ ወትሮው ይመታል።

«አሸነፍክ?»
«አይ።»
«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»
መልስ አላገኘሁም። «የአባትህ በቅሎስ?» አልኩት።
ሻማ ፍለጋ ክብሪት እየጫረ፣
«እሷማ» አለ፣ «በሳምንቱ ጅብ በላት።»

ከላይ የክፍል አሥራ አራት በር ተበርግዶ
«መብራት የለም! ውኃ የለም!» አለ እንግዳው፣ ደረጃውን ወርዶ፤
ጠረጴዛውን መታ።
እኔም በልቤ፦ በማር… በበግ… በፈረስ…
ጠብቄ ቆየሁት፣ ጮሆ እስኪጨርስ።
«አቤት ጌታዬ» አልኩና
ሻማውን ወደ እሱ ገፋሁ።