የትሉ ጥሎሽ

ከቀበና ድልድይ ሥር ጎመኔን ገልብጬ
ትል እቆጥራለሁ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ።
ካቻምና ባንድ ክዳን ረገፈ፣
አምና በሁለት፣
ዘንድሮ አራቱን ጠጥቶ አለፈ።

የመርካቶው ነስሩ ሌላ ጠርሙስ ሰጠኝ፤
ስሙ አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ፣
ሽታው ያው ነው፤ አፍንጫዬ ነገረኝ።

ለካ ዘር መራጭ ነበርኩ ሳላውቀው፤
ደካማውን ገድዬ
ለዘር ያስቀረሁት ብርቱውን ነው።

ጠርሙሱን መለስኩለት።
ግማሹን መደብ ነጭ ሽንኩርት ተከልኩበት፣
ከቀረው አንዱን ጥግ ሳልረጭ ተውኩት።
«ምነው፣ ለትል ሰርግ ነው?» አለኝ ዘርጋው።
«አዎ። የዋሁም ይፈልፈል፣ ከብርቱው ይጋባ፤
መድኃኒት የሚፈራ ልጅ ይወለድ» አልኩት።

ፒያሳ ላይ ደንበኛዬ
ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አነሳችው፤
«ወንፊት!» ብላ በግማሽ ዋጋ ወሰደችው።

ቆጥሬ ተቀበልኩ።
የቀረው ግማሽ፣
የትሉ ጥሎሽ።