ልየው

ዛሬ ጡረታው ነው። አዳራሹ ሞልቷል።
ዲኑ መነጽሩን ጠርጎ ሥራውን ይቆጥራል፦
ሦስት የፈጠራ መብት፣ አርባ ስምንት ጥናት፣
ስድሳ ተመራቂ፤ ሽልማት፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት።
እኔ ቁልፍ ያዡ፣ በሩ ሥር ቆሜ
ያልተጻፈውን ነው የምቆጥር ደግሜ።

የመጀመሪያዋ ካሜራ ባሕር ዳር በጆንያ መጣች፣
ከሽንኩርት ጋር ተጭና፣ ሽንኩርት እየሸተተች።
ሌንሷ ተጭሯል። «ግድ የለም» አለና
ከኮርኒስ ሰቀላት፣ ቁልቁል የምታይ ሆና።
የአዴትን ድንች ከዓባይ ዳር ጠጠር ጋር ቀላቅሎ አሰጣና
«በይ ለዪ!» ቢላት፣ ጠጠሩን መረጠች፣ ድንች ነው ብላ አምና።
ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ድንጋዩን አነሣ፣
አገላበጠና፦ «ይመስላል፤ ምን ታድርግ እሷ?
ማየቱንስ አየች፤ መለየት አልቻለች፤
ማን አስተማራትና? ዛሬ ተወለደች።»

ከዚያ የእንቦጭ ዘመን። ጣና አረንጓዴ ለብሶ
ጀልባው ሁሉ ሲታሰር፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ታቅፎ ተመልሶ፣
እሱ ከሰማይ ያነሣውን ፎቶ ሌሊት ዘርግቶ
«ውሃ፣ ደንገል፣ እንቦጭ» እያለ፣ ነጥብ በነጥብ ለይቶ
ያነጋል። መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር አስነሣለሁ፤
ናፍጣ ያልቃል፤ በብስክሌት ወርጄ እገዛለሁ።
ኮምፒውተሩ ቁጥር ሰጠ፤ ሰነዱ ተጻፈ፤
ከቢሮ ቢሮ ዞሮ፣ ማኅተም አርፎበት፣ መሳቢያ ውስጥ አረፈ።
እንቦጩ ግን አላረፈም።

እናቱን አውቃታለሁ፦ የሞጣዋ እንጉዳይ፣
ወረንጦዋ በክር ታስሮ ካንገቷ የማይለይ።
ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ሲወጋት ትነቅላለች፤
ሲበቅል ትነቅላለች፤
ብሌኗ እንደ እርጎ እስኪነጣ ድረስ፣
ልጇ ባሕር ማዶ ተምሮ እስኪመለስ።

አንድ ሌሊት ጠራኝ። ስልኩ ላይ ሌንስ ገጥሟል፣
ማቀፊያው ከእንጅባራ ቀርከሃ ተቀርጿል።
«የዓይንህን ቆብ ገልብጥ» አለኝ፤ ገለበጥሁለት።
ስልኩ ትንሽ አሰበና «ንጹሕ» ብሎ ጻፈለት።
ጀርባውን ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁት።

ከዚያማ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ግንደ ወይን፤
በጭቃ፣ በአይሱዙ፣ በእግር፤ አሥራ አንድ ሺህ ዓይን!
ነርሷ አትጠገብ፣ ጥፍሯን ከርክማ፣ ቆቡን በጣቷ ገልብጣ፣
ስልኩ ሲሳሳት «ውሸትህን ነው!» ትለዋለች በቁጣ።
እሱም ስሕተቱን ይጽፋል፤ ማታ ስልኩን ያስተምራል፤
ጧት ሲነጋ ስልኩ ካትጠገብ ይስማማል።

በመጨረሻ ሞጣ። እናቱ ቀርከሃውን በእጇ ዳብሳ
«ይኸ ነው የሚያየው?» አለች። እሱ ዝም። እሷው መልሳ
የጎረቤት ልጅ ጠራች፦ «ነይ አንች፣ ዓይንሽን ስጭው።»
ስልኩ ሕመም አገኘ፤ ጅምር ነው፣ ክኒን የሚመልሰው።

ማምሻ ላይ፣ እሱ መኪናው ጋ ሳለ፣ ሹክ አለችኝ፦
«ሲወለድ ዓይኔን ታምሜ፣ ብርሃን እንደ እሾህ እየወጋኝ፣
ጨለማ ጎጆ ነበርሁ። አዋላጇ ጠቅልላ ልታወጣው ስትል
‹አምጭው፣ ልየው!› ብዬ ጮኽሁ።
ስሙም ያው ሆነ፤ ልየው አልነው፣ ምን እንበል?»

ይህ ዲኑ ወረቀት ላይ የለም። ጭብጨባው ይቀልጣል።
ፕሮፌሰር ልየው ሰዓቱን ተቀብሎ፣ ወንበሩን ፈልጎ ይቀመጣል።

ማታ ቤተ ሙከራውን ስዘጋ፣ ያች ካሜራ ከኮርኒሱ አለች፤
አቧራዋን ጠረግሁ፤ ሶኬቱን ሰካሁ፤ ዓይኗን ገለጠች።
ከኪሴ ጠጠር አውጥቼ ከሥሯ አኖርሁላት።
ቆየች። ቆየች።
«ድንች» አለች።