ከማዶ የቀረ ቃል

የእኔ ሥራ ገመድ ነው፤ ከደሴት ደሴት በሚሄድ ጀልባ፣
መኪና ሲወጣ ቆሜ፣ በግ ሲወርድ፣ ፖስታ ሲገባ።
ኦርክኒ ነው አገራችን፤ ዛፍ የሌለው፣ ነፋስ የሞላው፣
ማዶ ለማዶ ሲተያይ መሃሉን ጭጋግ የሚበላው።

ቶራ ሹራብ ትሠራ ነበር፤ ሁለት እጅ፣ ሁለት መርፌ፣
ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኝ ነበር በእንቅልፌ።
ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማታ፣ ግራ እጇ ዘገየ፤
ቀኙ “ና” ሲለው፣ ግራው “ምን አልክ?” እንዳለ ቆየ።
ፈታችው። ደግማ ጀመረች። ፈታችው።
ሱፉን ጠቅልላ ድመቷ ከማትደርስበት አስቀመጠችው።

አበርዲን ወሰድኳት፤ ሌሊቱን ሙሉ በመርከብ።
ስዕሉን ከፈቱልን፤ አንጎሏ ነው፤ ነጭ ነጥብ በነጭ ነጥብ።
የበሽታውን ስም ሰማን፤ መልቲፕል ስክሌሮሲስ፤
ቶራ ደጋግማ አለችው፣ ምላሷ ላይ እስኪለሰልስ።
“ይኸውላችሁ” አለች ዶክተር ኦጊልቪ፣ በብዕሯ ጫፍ እያሳየች፣
“ግራና ቀኝ ንፍቀ አንጎል የሚነጋገሩበት ድልድይ፤” ትንሽም ቆየች፤
“የነርቩን ልባስ የገዛ ሰውነቷ ወታደር እየላጠው፣
መልእክቱ አልጠፋም፤ መንገድ ላይ ነው፤ ጭቃው ነው ያቆየው።”

ከዚያ “ዓይንሽን ጨፍኚ” ብላ፣ አንዲት ነገር ግራ መዳፏ ላይ ጣለች።
ቶራ ዳበሰቻት፤ አገላበጠቻት፤ ፈገግ አለች።
“ምንድን ነው?”
ዝም።
“ታውቂዋለሽ?”
“አሳምሬ።”
“ስሙስ?”
ዝም።
ማወቅ በአንዱ ደሴት፣ ስም በሌላው፤
መሃሉ ማዕበል ነው፤ ጀልባ የለም።

ወደ ቀኟ ስታዛውራት፣ ቃሉ እንደ ልጅ ዘሎ ወጣ፤
“ቁልፍ! የካፖርት ቁልፍ!” ሳቋ ቀድሞ፣ እንባዋ ተከትሎ መጣ።

ቤት ገብተን ሳምንት ሳይሞላ ተጣላን፤ በእኔ ጥፋት።
እሷ ቃል ስትጠብቅ፣ እኔ ቀድሜ እያቀበልኳት፣
“ጨው” ስላት፣ “ማንኪያ” ስላት፣
“አታሻግርልኝ!” አለች፣ ጠረጴዛውን በቀኟ መትታ፤
“ያንተ ጀልባ አይደለም። የእኔን እኔ እጠብቃለሁ፤
ቢመጣ ጠዋት፣ ቢመጣ ማታ።”

አሁን እጠብቃለሁ። ሥራዬም እኮ ይኸው ነው፤
ገመድ ይዞ መቆም፣ ማዶውን ጭጋጉ እስኪለየው።

ማታ ማታ ጨዋታ አለን፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፣
ዛጎል፣ ሳንቲም፣ የድንች ልጣጭ፣ ግራዋ ላይ አኖራለሁ፤ “ቆይ” ትላለች።
አንዳንዱ ይመጣል። አንዳንዱ አድሮ፣ ቁርስ ላይ፣
ሻይ ስትቀዳ፣ “ዛጎል ነበር!” ትላለች ድንገት።
ትናንት ኪሴ ባዶ ነበር፤ አውራ ጣቴን አስጨበጥኳት።
ገመድ የላጠውን ጠባሳ በዝግታ ዳበሰችው፤ ቆየችበት።
ነፋሱ በሩን ይገፋል።
“ስሙ አልመጣልኝም” አለች።
“ግድ የለም” አልኩ።
አልለቀቀችውም።