የከንፈር ፊደል

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ግንቡን ጠበሰችው በድሬ፤
በጠዋት ነው የመጣሁት፣ በባጃጅ፣ ከገንደ ቆሬ፣
በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ የጆሮ ምርመራ ውጤት፣
አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ፋብሪካው የሰጠኝን ወረቀት፦
«ፈትለወርቅ ይርዳው፤ ሽመና ክፍል፤ ሃያ ስድስት ዓመት።»
ማኅተሙ ወይን ጠጅ ነበር፤ ላቤ አጠበው።

ባለፈው ወር እዚሁ ኮሪደር ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣
ማን ሰምቶ!
ጸሐፊዋ ከውስጥ ሆና ነው የምትጣራው፤
ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ፣ ከንፈር ግን የለውም።
በር በሩን ሳይ ውዬ፣ ማታ መዝገቡን አዙራ አሳየችኝ፦
«ስትጠራ አልቀረበችም።»
ጆሮዬ ሞተ ልል ብመጣ፣ በጆሮዬ በኩል ጠሩኝ።

ዛሬ ከጎኔ የተቀመጡት አቶ ሮብሌ ናቸው፣
የምድር ባቡር ሰው፣ ከጉልበት በታች የሌለ አንድ እግራቸው።
«ስምሽን ሲጠሩ» አሉኝ፣ ቃሉን በጥርሳቸው እየለዩ፣
«በምርኩዜ እጎሽምሻለሁ፤ አንቺ በሩን ብቻ እዪ።»

ጎሸሙኝ። ገባሁ።

ሦስት ሐኪም፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ቆሞ የቀረ ቬንትሌተር፤
ከንፈሩ እንደ መጽሐፍ ቁልጭ ያለ፣ መሃል ላይ ወጣት ዶክተር።
«እናቴ፣ ይሰማሉ?» አለኝ።
«አልሰማም» አልኩት።
ተያዩ። ሳቁ።
«ታዲያ ካልሰሙ እንዴት መለሱልኝ?»

እንዴት ብዬ ላስረዳው?
ሁለት መቶ መወርወሪያ ባንድ አዳራሽ ሲማታ፣
ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረንም ከጠዋት ፈረቃ እስከ ማታ።
እኛ ሴቶቹ በከንፈር ነበር ወሬውን የምንጨርሰው፤
የማን ባል ሰከረ፣ የማን ልጅ ወደቀ፣ ዕቁቡ ማንን ደረሰው።
መፍቱሃ ከሰባተኛው ማሽን ቀልድ ስትወረውርልኝ፣
እኔ ከአሥራ ዘጠነኛው ስስቅ፣ ክሩ ሲበጠስብኝ!
ይህን ፊደል የቆጠርኩት፣ ዶክተር፣ እየከፈልኩ በጆሮዬ፤
ተማርኩ ያልኩት ዛሬ ቆሞ ይመሰክራል በላዬ።

ይህን ሁሉ አልተናገርኩም።
ድምፄን መመጠን አልችልም፤
ልጄ ገበያ መሃል «እማዬ፣ ቀስ» ትለኛለች።

ከዚያ ሽማግሌው ሐኪም ካኪ ክላሰሬን አንስተው
አፋቸውን ሸፈኑበት።
ከኋላው ግንባራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የሆነ ነገር ጠየቁኝ፤
ስሜን ይሆን? የልጆቼን ቁጥር? ወይስ ሰደቡኝ?
ዝም አልኩ።
ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ፣ ጡረታ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከመቶ ስንት እንደሆንኩ ወጣቱ ሲጽፍ አየሁት፤
ተገልብጦ ስለነበር፣ ስድስት ይሁን ዘጠኝ አልለየሁት።

«ስንት ሰጡሽ?» አሉኝ አቶ ሮብሌ፣ እንደ ፈተና።
«ወይ ስድስት ያለበት፣ ወይ ዘጠኝ።»
ሳቁ፤ ድዳቸው ሳይቀር ታየኝ።
«እኔን በየዓመቱ ያስመጡኛል፣
እግሬ በቅሎ እንደሆነ ሊያዩ።»

ወደ አሸዋ ሳቋርጥ ሰዉ ግራና ቀኝ ሲበተን አየሁ፤
እኔም ዘለልኩ። ባጃጅ ቀሚሴን ታክኮ አለፈ።
ከሩቅ ጀምሮ ሲያጮኽብኝ ነበር መሰለኝ፤
ሹፌሩ ዞሮ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣
«ደንቆሮ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

ክላሰር የለው፣ ማኅተም የለው፣
ቦርድ ሳይሰበሰብ
መቶ ከመቶ ሰጠኝ።