እርጋ

ኖቮሲቢርስክ ላይ፣ ጥር ሳይጋመስ ገና፣
መስኮቱ በውርጭ ታውሮ ቀረና፣
ከኔ ቀድማ ገብታ ዚናይዳ አርካዲየቭና
ሁለት ጠርሙስ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር።
«ባይር» አለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «እስቲ እያቸው፤
ቀለም የላቸውም፤ ጠባይ ግን አላቸው።

ይኼ ታይታኒየም፣ ውሃ ሲያይ አይችልም፤
ገና ጠብ ሲልበት ይነጣል፣ አይታገሥም።
ያኛው ሲሊከን ነው፤ ብትጠራው አይሰማም፣
ቆመህ ብትለምነው እሺም እምቢም አይልም።
ለዘገምተኛው ውሃውን ቀድመህ ስጠው፤
ጥቂት አሲድ ጠብ አርግ፣ ለብ አርገህ አማስለው፤
እሱ መንገድ ሲጀምር ነው ችኩሉን የምትጨምረው።»

እኔ ግን የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው፤
ሁለቱን ባንድ ላይ ገልብጬ ውሃ አፈሰስኩበት።
ነጭ።
ብልቃጡ ውስጥ በረዶ ወረደ፤
ታይታኒየሙ ለብቻው ተቋጥሮ ወደ ታች ሄደ፤
ሲሊከኑ ከላይ ጠርቶ ቀረ፣ እንደለመደ።
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤
የኔን ማን ይለቅመዋል?

አልተቆጣችኝም። «እርጋ» አለች።
ለኔ ይሁን ለፈሳሹ፣ እስካሁን አላወቅኩም።

በማግስቱ ሲሊከኑን አስቀደምኩ፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዞር እያየሁ ጠበቅኩ፤
ከዚያ ችኩሉን በጠብታ፣ በጠብታ።
አልነጣም።
ማታ ብልቃጡን ባዘነብለው አልፈሰሰም፤
ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲነኩት ይርገፈገፋል፣
ውሃም አይደል፣ ድንጋይም አይደል፤
ኦክስጅን መሃል ገብቶ እጃቸውን አያይዟል፣
አንዱ ካንዱ ጋራ፣ አተም ላተም ተጋብቷል።

«ዘጠኝ ቀን ይቀመጥ» አለች። ክዳኑን በመርፌ አንዴ ወጋችው።
«ባንዴ ካደረቅከው ይሰነጠቃል።
እቶኑንም በደቂቃ አንድ ዲግሪ፣ እስከ አምስት መቶ፤
ከዚያ ብታልፍ ጓዳው ሁሉ ይደፈናል።
የምንሠራው ጠጣሩን መሰለህ? ባዶውን ነው፤
ጋዙ ገብቶ ሌላ ሆኖ የሚወጣበትን።»

ዘጠነኛው ማታ፣ እቶኑ እየጋለ፣ ሻይ ይዘን፣
ሳልጠይቃት ስለ ባሏ አወራች፤ አንዴ ብቻ፦
«ሌዎኒድ ችኩል ነበር። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ።
ባንድ ቀን ጨመሩን፤
ውሃውን ቀድሞ የሰጠኝ አልነበረም።»
ተነሥታ ብርጭቆዋን አጠበች።

ሲነጋ መዘንኩት። የጥፍር ታህል ዱቄት፤
ውስጧ ተገልብጦ ቢዘረጋ፣ ይላል መሣሪያው፣
የፎቃችንን ወለል ታለብሳለች።
ደብተሬ ላይ «ናሙና አሥራ ሰባት» ብዬ፣
«ውሃ፦ ለዘገየው ቅድሚያ» አልኩና
ከሥሩ ስሟን ልጽፍ ብዬ ተውኩት።

አውቶቡሱ በታወረው መስኮት ሥር ሲያልፍ ሰማሁት።