ጊዜያዊ

ማናማ፣ ጉደይቢያ፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
ሁለት ሰው ካቆመ ሦስት የማያስገባ
ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ባለ ማሽኑ እኔ ነኝ።
ዐርብ ከቀትር ወዲያ ዙበይዳ መጣችኝ፣
ከሻሿ ጫፍ ፈትታ ፍላሿን ሰጠችኝ።
«ቁልፍ አለው ፋይሉ፣ ያክስቴ ልጅ ነው የቆለፈልኝ፤
ለኤምባሲው ሰዎች በወረቀት አውጣልኝ።»

የይለፍ ቃሉን በጆሮዬ ነገረችኝ፦
የሞተች ላሟን ስም፣ ከተወለደችበት ዓመት ጋር።
(የላሟን ነው። የራሷን አታውቀውም።)

ከፈትኩት።
የአሥራ አንድ ወር ደሞዝ፣ ያልተከፈለ፤
የክንዷ ፎቶ፣ በካውያ ጠርዝ የተቃጠለ፤
ማዳም ያለቻት ሁሉ፣ በቀን በሰዓት የተከፋፈለ።
አሥራ አራት ገጽ አተምኩ። ፍላሿን ነቅዬ፣
«ጠፍቷል፣ ምንም የለም» አልኳት፣ ስክሪኑን አሳይቼ፣ ምዬ።
ሦስት መቶ ፍልስ ተቀበልኩ፣ ሌላውን ላገር ልጅነት ብዬ።

ማሽን ግን እንደ ሰው አይደለም፣
የተቆለፈ ነገር በሆዱ ማንበብ አይችልም።
ሊያሳየኝ ሲል አስቀድሞ ፈትቶ ይዘረጋል፣
ቅጂውን «ጊዜያዊ» በሚሉት ጓዳ ያኖራል፤
በሩ ቢዘጋም፣ እንግዳው ቢሄድም፣
ያንን ጓዳ ማንም አይጠርግም።

ቅኔ ያስተማሩን የኔታ
ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይወጣል ነበር የሚሉን፤
ወርቁ የፈሰሰበት ጭቃ
ቅርጹን ይዞ እንደሚቀር ግን
አልነገሩንም።

ማታ የዚያው ቤት ሾፌር መጣ፣ የመኪና ኢንሹራንስ ሊያሳትም።
ኤሲው ፊውዙን ጣለው። ጨለመ። በራ።
ማሽኑም ተነሥቶ፣ በትሕትና፣
ያልተቀመጠ ሰነድ አለ፣ ልመልስልህ ወይ ብሎ
ሳልመልስለት መለሰው።
ሾፌሩ አማርኛ አያነብም።
ክንድ ግን ይነበባል።
አየው። አወቀው።
ኢንሹራንሱን አጥፎ በኪሱ ከተተ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣
ደኅና እደር እንኳ ሳይል ሄደ።

ተናግሮ ይሁን፣ አዝኖ ይሁን፣ አላውቅም።
ዙበይዳ ግን ከዚያ ዐርብ ወዲህ አልመጣችም።
ስልኳ አይጠራም። ኤምባሲው በር ላይ
ያየኋት የምትል አንዲት ሴት አላገኘሁም።

የኔም ፈቃድ ጊዜያዊ ነው፤ ስምንተኛ ዓመቱ።
አሁን ጓዳውን በየማታው እጠርጋለሁ፤
የሕንዱን ቪዛ፣ የፊሊፒኗን የጋብቻ ወረቀት፣
ሁሉን እሰርዛለሁ።
ያን አሥራ አራት ገጽ ብቻ እጄ እምቢ አለኝ፤
ያጠፋት እሱ ነው፤ የቀራት ምስክርም እሱ ቢሆንስ?

ስለዚህ ቆለፍኩት፣ በላሟ ስም።
(ስሟን እዚህ አልጽፍም።)
መቆለፉን ለማረጋገጥ
ከፈትኩት።